ስም አልጠራሁም

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አንዱ ፌስቡክ ላይ «ጓደኛ መሳይ ጠላቶች» ብሎ ይለጥፋል፤ ወዲያው አምስት ሰው በውስጥ መስመር «እኔን ነው እንዴ?» ይለዋል፤ መልሱ ያው ነው። ዕድር ላይ «አንዳንድ ገንዘብ ያዦች» ይባላል። ግምገማ ላይ «በመካከላችን ያሉ አንዳንድ ግለሰቦች» ይባላል። ተናጋሪው ሲጠየቅ ሁለት እጁን ከፍ ያደርጋል፦ ስም አልጠራሁም፣ ስለዚህ ማንንም አልበደልኩም። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ የማይዋጥልኝ «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ናት።

የምኖረው ቦንጋ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ ከተማችን ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ከሆነች በኋላ፣ ቢሮው በዝቷል፣ ማኅተሙ በዝቷል፣ ላፕቶፕ ያነገተው ሰው በዝቷል። ከተማዋ ግን ያው ናት። ቁልቁለቱን ወርደህ ዳገቱን እስክትወጣ ሦስት የምታውቀው ሰው ሰላም ይልሃል። እንዲህ ባለ ቦታ ስም መጥራት ትርፍ ሥራ ነው። «ያ ቡና ነጋዴ» ስትል ሃምሳ ሰው አለ። «በቅርቡ ፎቅ የጀመረው» ስትል አምስት ይቀራል። «ሚስቱ ጅማ ያለችው» ስትል አለቀ፤ ሰውየው ፊትህ ቆሟል። አባቱ ያወጡለትን ስም አልተናገርክም። ግን ስም ሥራው ምንድን ነው? አንዱን ከሌላው መለየት አይደል? አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር ድረስ የሚያጠብ ቃል ሁሉ ስም ነው።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ «አንድ ባልደረባ ገንዘብ ወሰደ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ አታውቅም። እኛ ጋ ግሡ ራሱ ጣት ይቀስራል። «ወሰደ» ካልክ የቢሮው ሴቶች በሙሉ ነፃ ወጡ። «ወሰደች» ካልክ ወንዶቹ እፎይ አሉ። «ወሰዱ» ካልክ ወይ ብዙ ናቸው፣ ወይ አንድ የምናከብራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ጾታንም ዕድሜንም ሹመትንም በአንዲት የግሥ ጭራ እንናገራለን። ይህን ለሰዋስው ፍቅር ብዬ አይደለም ያነሣሁት። አንድ ሰው ላይ ሲሠራ ስላየሁት ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ናት። ፈቃዷን ጠይቄ፣ የሥራ ክፍሉንና ጥቂት ነገሮችን ቀይሬ ነው የምጽፈው፤ መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። (አዎ፣ እኔም ስም አልጠራሁም። ወደዚህ እመለሳለሁ።) አንድ ቀን ጠዋት ለሠራተኛው በሙሉ፣ አርባ ለሚሆን ሰው፣ ከኃላፊው ኢሜይል ወጣ። እንዲህ ይላል፦ «ከግዥ ክፍል አንዲት ባልደረባችን ከአቅራቢዎች ጋር ያልተገባ የጥቅም ግንኙነት እንዳላት ጥቆማ ደርሶናል። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ሁሉም ሠራተኛ ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።» ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ወንዶች፣ እሷ፣ እና ጡረታቸው የደረሰ አንዲት እናት። ለእኚህ እናት በዚያ ቢሮ ማንም «እንዳላት» ብሎ አይጽፍም። «እንዳላቸው» ነው የሚባለው። ክፍሉን ቀይሬያለሁ ብያለሁ፤ ይህችን ግሥ ግን አልቀየርኳትም። «እንዳላት» የምትለው ቃል ስሟ ነበረች።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቡና የሚጠጡት ሰዎች ዝም ማለት ጀመሩ። ኃላፊው ዘንድ ገባች። «ስምሽን ጠርተናል እንዴ?» አላት። ቀጥሎ ያላት ግን ይብሳል፦ «አንቺ ለምን ራስሽን ጠረጠርሽ?»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ወጥመድ አለበት። ዝም ካልክ ነገሩ ባንተ ላይ ይረጋል። አቤት ካልክ «ይኸው፣ ራሱ መጣ» ትባላለህ። በስም የተሰደበ ሰው ቢያንስ መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ተጠርቷልና። በአሽሙር የተነካ ሰው ግን መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ስድቡን እንደ ልብስ አንሥቶ መልበስና «ልኬ ነው» ማለት አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስም ማጥፋትን አንቀጽ 2044 ላይ ያነሣዋል። በቃልም ይሁን በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ፣ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት አድርጎ አመኔታውን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ መጣል ነው ጥፋቱ። ልብ በሉ፤ «ስሙን በመጥራት» የሚል ቃል የለበትም። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ የመጉዳት ሐሳብ መኖሩ ግድ አይደለም ይላል። «እኔ እሷን ለማለት አይደለም» የሚለው መልስ ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ሰንደይ ክሮኒክል የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጣ ስለ አንድ የመኪና በዓል ሲጽፍ፣ ለማሣቂያ ያህል አርቲመስ ጆንስ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ አገሩ ፔክሃም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ፈረንሳይ ሲሄድ ግን ሚስቱ ካልሆነች ሴት ጋር የሚታይ ሰው። ችግሩ፣ አርቲመስ ጆንስ የሚባል እውነተኛ ጠበቃ ነበረ። ፔክሃም አይኖርም፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም አይደለም። ወዳጆቹ ግን አንብበው እሱ ነው ብለው እንዳሰቡ መሰከሩለት። 1,750 ፓውንድ ተፈረደለት፤ ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ሄዶ ጸና። ዳኞቹ የተመለከቱት የጸሐፊውን ልብ ሳይሆን የአንባቢውን ዓይን ነው፤ ድንጋዩ ወደ ማን ተወረወረ ሳይሆን ማንን መታ።

ለደራሲና ለጋዜጠኛ ይህ ፍርድ ይከብዳል ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰው ፈጥሮ የጻፈው ስም የት አገር የማን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ኢሜይል ግን ሌላ ነገር ነው። ጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚያነበው አያውቅም። ኢሜይል የሚጽፍ ሰው አንባቢዎቹን ራሱ ነው የሚመርጣቸው፣ ያውም በስም። «ለ» የምትለዋን መስመር ሲሞላ እያንዳንዱ ተቀባይ ምን እንደሚያውቅ ያውቃል። ያ ኃላፊ ኢሜይሉን ለማያውቋት አርባ የጎንደር ሰዎች ቢልከው ኖሮ ማንንም አልጎዳም ነበር። የላከው ግዥ ክፍል ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን «አንቺ» ማን «እርስዎ» እንደሚባል ለሚያውቁ አርባ ሰዎች ነው። ስሟን መልእክቱ ውስጥ አልጻፈም፤ አድራሻው መስመር ላይ የነበሩት ሰዎች ጻፉለት።

ሰው ኢሜይልን እንደ ወሬ ይጽፈዋል፤ ኢሜይል ግን እንደ ሰነድ ይቀመጣል። የእንግሊዙ ኖርዊች ዩኒየን የሚባል የመድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን በውድ ተማረ። ሠራተኞቹ «እገሌ የሚባለው ተፎካካሪያችን በገንዘብ ችግር ላይ ነው» እያሉ በውስጥ ኢሜይል ሲጻጻፉ ቆይተው ወሬው ለተፎካካሪው ደረሰ፤ ይቅርታ ጠይቆ 450,000 ፓውንድ ከፍሎ ተስማማ። እዚያ ግን የተጎዳው ድርጅት በስሙ ተጽፏል፤ ጠበቃም ገንዘብም አለው።

ጓደኛዬ ጠበቃ ዘንድ ሄዳ ነበር። ጠበቃው ደግ ሰው ነው፤ አልዋሻትም። «ሕጉ አንቺ ጋ ነው። አሁን ምስክር አምጪ» አላት። ምስክሩ ችሎት ቆሞ ማለት ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ኢሜይሉን ሳነበው እሷ ናት ብዬ ገባኝ። እስቲ አስቡት። ይህን የሚል ባልደረባ እንጀራው በዚያው ኃላፊ እጅ ነው። ያም ባይሆን፣ «ሌባዋ እሷ ናት ብዬ አስቤ ነበር» ብሎ ፊቷ ላይ መመስከር ነው የተጠየቀው። ከሁሉም የሚወዷት ሰዎች «እኛ እኮ አንቺን ብለን አላሰብንም!» አሏት። ለማጽናናት ነው፤ ለክሷ ግን ይህ ምስክርነት መርዝ ነው። እና ያልሰማው የቦንጋ ሰው ሁሉ በግልጽ ችሎት ይሰማዋል። ብታሸንፍስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ደህና ገንዘብ ነበር። የወንጀሉም በር አለ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613፣ በኮምፒዩተር ሲሆን ደግሞ የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ። የኮምፒዩተር አዋጁ ስም ማጥፋትን የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። አሁንም አቤት! አልከሰሰችም።

አያቶቻችን ይህን ዓይነት ነገር ያውቁት ነበር። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት ላይ፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም። የቀረ ይቀጣል። ሌባ ሻይ ደግሞ አለ፤ አንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር ይጠጣና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ነው። ሁለቱን ሳወዳድር ለአፈርሳታ ትንሽ አዝናለሁ፤ ክፋቱ ብዙ ነው፣ ንጹሑን ከበዳዩ ጋር ያግታል፣ ግን ቢያንስ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ የመናገር ተራ ይደርሰዋል። ሌባ ሻይ ማንንም አይጠይቅም። «አንዲት ባልደረባችን» የሚለው ኢሜይል የሌባ ሻይ ልጅ ነው። ተንገዳግዶ ይወጣል፤ የወደቀበት ደጃፍ ያለችው ልጅ ጉድ ሆነች፤ የላከው ሰው ደግሞ «እኔ ምን አደረግሁ? ልጁ ነው የወደቀው» ይላል።

እንግዲህ ቡድኑ አራት ሳይሆን አራት ሺህ ቢሆንስ? እዚያው እንግሊዝ አንድ የሩሲያ ስደተኞች ማኅበርን ጋዜጣ ክፉኛ ጻፈበት። የማኅበሩ የእንግሊዝ ተወካይ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ተሸነፈ። የተነገረው ስለ ማኅበሩ እንጂ ስለ አንተ አይደለም ተባለ። ምክንያቱ ይገባኛል። «ጠበቃ ሁሉ ውሸታም ነው» ላለ ቀልደኛ ጠበቃ ሁሉ ቢከሰው ፍርድ ቤት ሌላ ሥራ አይሠራም። ግን ይህን አመክንዮ ወደ ካፋ አምጡት። እዚህ ማንጆ የሚባሉ፣ ለዘመናት በአደንና በደን ውጤት ሲተዳደሩ የኖሩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ አለመቀመጥ፣ ቤት አለማስገባት፣ በጋብቻ አለመቀላቀል የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስለ እነሱ የሚባለውን አልደግመውም። ሁሉም «እነሱ እኮ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ስም የለበትም። ዛሬ ጠዋት የተወለደች የማንጆ ልጅ ገና ስም ሳይወጣላት ስሟ ጠፍቷል። ማን ነው ተነሥቶ አቤት የሚለው? «ሁሉንም የነካ ማንንም አልነካም» የሚለው ሕግ እዚህ ጋ ሲደርስ ተገልብጦ ይታየኛል፤ ሁሉንም ስለነካ ነው እያንዳንዷን የሚያገኛት። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ለቡድን ጥበቃ ያደርጋል፤ ግን የሚከስሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ የሚያየውም አደባባይ የወጣውን ንግግር ነው። ጓዳ ውስጥ ሲኒ ለይቶ ማስቀመጥን አዋጅ አይደርስበትም።

ደካማው እንዲህ «እኔ ነኝ» ለማለት ሲቸገር፣ ጉልበተኛው ግን ስሙን የትም ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 1960 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ለማርቲን ሉተር ኪንግ የሕግ መከላከያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣ። የአላባማ ፖሊስ በጥቁር ተማሪዎች ላይ ያደረገውን ይዘረዝራል፤ ጥቂት የዝርዝር ስሕተትም አለበት። ሱሊቫን የሚባል ስም ግን የትም የለበትም። የሞንትጎመሪ ከተማ ፖሊስን በበላይነት የሚመራው ኤል. ቢ. ሱሊቫን «ፖሊስ ማለት እኔ ነኝ» ብሎ ከሰሰ። የአላባማ ፍርድ ቤት 500,000 ዶላር ፈረደለት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ሻረው። ፍርዱ በሌላ ነገር ነው የሚታወቀው፤ እኔን የሚስበኝ ግን መጨረሻው አካባቢ ያለው ነጥብ ነው። መንግሥትን መተቸት ባለሥልጣኑን በግል መስደብ ነው ከተባለ፣ ስለ መንግሥት ማውራት ራሱ ያከትማል።

እኛ ጋ ይህ ነጥብ በቅጡ አልተዋጠም። የፍትህ ጋዜጣ አዘጋጅ ተመስገን ደሳለኝ ጥቅምት 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ሲፈረድበት ከክሶቹ አንዱ የመንግሥትን ስም ማጥፋት ነበር። መንግሥት ማን ነው? ቡና ጠረጴዛ ላይ ዝም የተባለው ማን ነው? የማን እናት አለቀሰች? ጓደኛዬ አንድ ምስክር አጥታ ተመለሰች፤ መንግሥት ግን መጎዳቱን ለማስረዳት ማንንም «እሱ መሆኑ ገባኝ» አላሰኘም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ጠንካራም ነው። እኛ እኮ የሰምና ወርቅ ልጆች ነን። አዝማሪው ጌታው ፊት ቆሞ ጌታውን የሚነካው ስም ባለመጥራቱ ነው። ስም ጠርቶ መናገር እስር ቤት በሚያስገባበት አገር፣ «አንዳንድ ባለሥልጣናት» ማለት ፈሪነት ሳይሆን መትረፊያ ነው። አሽሙርን ካወገዝን ለደሀው የቀረችውን ምርኩዝ ነው የምንቀማው። እስማማለሁ። ግን አዝማሪው ስም የማይጠራው ከእሱ በላይ ያለውን ነው፤ ሰሙም ወርቁም የገባው ጌታ መሸለምም መቅጣትም ይችላል፣ መልስ አያጥረውም። የኢሜይሉ ኃላፊ ስም ያልጠራው ከሥሩ ያለችውን ነው። ያው አንድ ዓይነት ዝምታ ነው፤ አንዱ ተናጋሪውን ከቅጣት ያድናል፣ ሌላው ተናጋሪውን ከተጠያቂነት ያድናል። ሕግ ይህን መለየት ይከብደዋል። እኛ ስንጽፍ ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አያቅተንም፦ ይህ ቃል ስንት ሰው ደጃፍ ይወድቃል? የወደቀበት ሰውስ ሌባ ሳይመስል መልስ መስጠት ይችላል?

የራሴንም ጽሑፍ በዚህ ልለካው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራሁም፤ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስበት ቢሮ የለም፣ ክፍሉም ግዥ አልነበረም። ዓላማው እንዳይታወቅ ነው፤ እሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው። የኃላፊው ኢሜይል ግን ዓላማው እንዲታወቅ ካልሆነ ሠራተኛው «ጥንቃቄ» የሚያደርገው ከማን ነው? ካላወቃት ከማን ይጠንቀቅ? ማስጠንቀቂያው ሥራ የሚሠራው አንባቢው ከገመተ ብቻ ነው። ግምት እያዘዘ ግምቱን የሚክድ ጽሑፍ ነው እንግዲህ።

ደግሞ ሌላ መንገድ አልጠፋም ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲሲፕሊን አሠራር ክሱ በጽሑፍ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ሠራተኛው መልሱን ይጽፋል፤ ማስረጃ ይቀርባል። አሰልቺ ነው፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ኮሚቴው ቶሎ አይሰበሰብም። ግን እዚያ ደብዳቤ ላይ ሙሉ ስሟ እስከ አያቷ ይጻፋል፣ ቀኑ ይጻፋል፣ የጠፋው ነገር ይጠቀሳል፤ የሚያነበው ደግሞ እሷና የሚመለከተው ሰው ብቻ ነው። ስሟ ተጽፎ አንድ ሰው ቢያነበው፣ ስሟ ሳይጻፍ አርባ ሰው ካነበበው ይሻላት ነበር።

አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። በዚያ ሰሞን ያዘጋጀቻቸውን ደረሰኞችና የዋጋ ማወዳደሪያዎች ኮፒ አድርጋ ይዛቸዋለች፤ ባለፈው ስንገናኝ ከአልጋዋ ሥር ፌስታሉን አውጥታ አሳየችኝ። እስካሁን ማንም አልጠየቃትም።